ዓርብ ጠዋት በር ላይ፦ በልብሷ ምክንያት የተመለሰች አንዲት እህታችን ጉዳይ

ለምን ጻፍኩት

ዱባይ መኖር ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። ከዚህ ውስጥ 9ኙን የሠራሁት ታይፒንግ ቤት ነው። ታይፒንግ ቤት ማለት የቪዛ፣ የመታወቂያና የሥራ ውል ማመልከቻ የሚሞላበት ትንሽ ቢሮ ነው። ሰው ወረቀቱን ይዞ ይመጣል። እኛ እንሞላለን፣ ክፍያ እንቀበላለን፣ ቀጠሮ አስይዘን እንሸኘዋለን።

በእነዚህ ዓመታት ሰው በወረቀት ጉድለት ሲመለስ ብዙ አይቻለሁ። የአንዱ ስም አንድ ፊደል ተዛብቶ፣ የሌላው ፓስፖርት ሊያልቅ ጥቂት ወር ቀርቶት። ለዚህ ሁሉም ሰው ይዘጋጃል። ደጋግሞ ይጠይቃል፣ ኮፒውን ሁለት ሦስት ያደርጋል። ወረቀቱ ሙሉ ሆኖ በለበሰው ልብስ ምክንያት ከበር የሚመለሰው ግን ያላሰበበት ነገር ነው የሚገጥመው። ማንም አልነገረውም። ቀጠሮ ያስያዝነው እኛም አንነግረውም ነበር።

የዚህች እህታችን ጉዳይ ያንን አስተምሮኛል። ስሟን፣ የምትሠራበትን ቤትና የሄደችበትን መሥሪያ ቤት አልጠቅስም። እንድጽፈው ግን ራሷ ፈቅዳልኛለች። ሌላ ሰው እንዳይደርስበት ብላ።

ባለጉዳይዋ

27 ዓመቷ ነው። መጀመሪያ የመጣችው በቤት ሠራተኝነት ነው። 4 ዓመት ከአንድ ቤተሰብ ጋር ኖራ፣ ውሏን ጨርሳ፣ በሰላም ተሰናብታ ወጣች። ከዚያ ደይራ በሚባለው የዱባይ ሰፈር አንድ የሴቶች የውበት ሳሎን ቀጠራት። አዲስ አሠሪ ማለት አዲስ ቪዛ ነው። አዲስ ቪዛ ደግሞ የጤና ምርመራ፣ አሻራና አዲስ መታወቂያ ይፈልጋል።

በፊት ይህን ሁሉ የሚጨርሱላት አሠሪዎቿ ነበሩ። መኪና ውስጥ ትገባለች፣ በር ላይ ትወርዳለች፣ ማዳሟ ከጎኗ ትቆማለች። የምትለብሰውም ቤቱ የሰጣትን ረጅም የሥራ ልብስ ነበር። 4 ዓመት ሙሉ «ምን ልልበስ?» ብላ የምታስብበት አጋጣሚ አልነበራትም። ይህን ልብ በሉልኝ። ብዙዎቹ እህቶቻችን አገሩን ለዓመታት ኖረውበት የአገሩን በር ብቻቸውን አንኳኩተው አያውቁም።

የጤና ምርመራው ላይ የገጠማትን ትንሽ ነገርም ልጨምር። ለቪዛ ደም ይሰጣል፣ ደረት ደግሞ ራጅ ይነሳል። ራጅ ክፍል ውስጥ አንገቷ ላይ ያለውን እንድታወልቅ ተጠየቀች። ያለው ማተቧ ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውልቃው አታውቅም። እንባዋ መጣ። ችግሩ ግን ክሩ ሳይሆን የተንጠለጠለው የብረት መስቀል ነበር፤ ብረት ራጁ ላይ ይታያል። መስቀሉን ፈትታ በእጇ ጨበጠች። ባለሙያዋ ክሩን አይታ ፈቀደችላት። ማተብ ያላችሁ ሰዎች መስቀሉን ከቤት ፈትታችሁ በቦርሳችሁ ብትይዙት ከዚያ ድንጋጤ ትተርፋላችሁ።

ምርመራውን አለፈች። የቀረው አሻራ ብቻ ነበር። ቀጠሮውን ያስያዝኩላት እኔ ነኝ። ዓርብ ጠዋት።

ቀኑ ለምን ጠበበ

ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኤምሬትስ የፌዴራል መንግሥትና የዱባይ መሥሪያ ቤቶች ዓርብ የሚሠሩት ግማሽ ቀን ነው። እኩለ ቀን ላይ፣ በእኛ 6 ሰዓት፣ ይዘጋሉ። ቅዳሜና እሑድ ዕረፍት ነው። ልጅቷ አዲሱን ቪዛ የምትጨርስበት የጊዜ ገደብ የሚያልቀው ደግሞ እሑድ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለ ቪዛ ለሚያልፍ ለእያንዳንዱ ቀን ቅጣቱ 50 ዲርሃም ነው። አሻራው ዓርብ ካለቀ የቀረውን ማመልከቻ በኮምፒውተር ቅዳሜ እጨርስላታለሁ። ዓርብ ካላለቀ ግን ሌላ ቀጠሮ መፈለግ ነው። በዚያ ሳምንት ያገኘሁት ቅርብ ቀጠሮ የሚቀጥለው ረቡዕ ነበር።

50 ዲርሃም ለእሷ የሁለት ቀን ምግብ ነው። ከገንዘቡም በላይ አዲሷ አሠሪ «ገና ሳትጀምር ችግር» እንዳትላት ፈርታለች።

የለበሰችው ልብስ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

አሻራ ሲነሳ ለመታወቂያው ፎቶ እዚያው ይነሳል። ይህን ነግሬያት ነበር። እሷም «መታወቂያ ላይ የሚቀር ፎቶ ነው» ብላ ተዘጋጀች። ሐሙስ ማታ ፀጉሯን ተሠራች። ለጓደኛዋ ሰርግ የገዛችውን የወይን ጠጅ ቀለም ቀሚስ አውጥታ ተኮሰች። ቀሚሱ እጅጌ የለውም። ርዝመቱ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ይላል። በላዩ ላይ ስስ ሻርፕ ጣል አደረገች። ነሐሴ ነበር። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እንኳ ውጭው እንደ ምድጃ አፍ ይጋረፋል።

እንግዲህ ይህች ልጅ ቸልተኛ አልነበረችም። ከእሷ ጋር ቤድ ስፔስ፣ ማለትም አልጋ በአልጋ የሚከራይ የጋራ ክፍል፣ የሚጋሩት ልጆች ሲነግሩኝ ለሰርግ እንኳ እንደዚያ አልተጨነቀችም። ያላትን ምርጥ ልብስ ነው የለበሰችው። ያደገችበት ሰፈር ቢሮ የሚሄድ ሰው ሽክ ብሎ ነው የሚሄደው። ቀበሌም ይሁን ባንክ ቤት፣ የክት ልብስ ይወጣል። መሥሪያ ቤቱን ያከበረች መስሏት ነው የወጣችው። በእርግጥም አክብራለች።

በር ላይ የሆነው

ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ደረሰች። በሩ ላይ ጥበቃ አለ። ገና ሳታልፍ እጁን ዘርግቶ አስቆማትና ግድግዳው ላይ ወዳለው ማስታወቂያ አመለከታት።

ማስታወቂያውን በኋላ ሄጄ አይቼዋለሁ። በአረብኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ከጽሑፉ በላይ ሥዕሎች አሉበት፤ እጅጌ የሌለው ልብስ፣ አጭር ጉርድ፣ ቁምጣ፣ ገላ የሚያሳይ ስስ ልብስ። በእያንዳንዱ ላይ ቀይ መስመር ተጋድሞበታል። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ይገባዋል። ችግሩ ያለው በሩ ላይ ብቻ መሆኑ ነው። ስልኳ ላይ የደረሳት የቀጠሮ መልእክት ፓስፖርት፣ የማመልከቻ ቁጥርና ሰዓት ይላል። ስለ ልብስ አንድም ቃል የለበትም።

መጀመሪያ ሻርፑን ትከሻዋ ላይ ጠቀለለችው። ጥበቃው ራሱን ነቀነቀ። ሻርፑ ስስ ነው፣ ከስሩ ገላዋ ይታያል። ጉልበቷም እንዳለ ነው።

ቀጥሎ በአረብኛ ተከራከረች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ታዝቤያለሁ። ቤት ሠራተኛ ሆነን የለመድነው አረብኛ ትእዛዝ ስንቀበል የሰማነው ነው። «ጂቢ»፣ «ሩሂ»፣ «ሱርዓ»። አምጪ፣ ሂጂ፣ ቶሎ በይ። የልመናና የትህትናውን ቃል ማንም ለእኛ አልተናገረውም፣ ስለዚህ አንማረውም። እሷም በንዴት «ሌሽ? ሌሽ?» እያለች፣ «ለምን? ለምን?» እያለች ጮኸች። በልቧ እየለመነች ነበር። ለሚሰማት ሰው ግን እያዘዘች ነው የሚመስለው። ጥበቃው ፊቱን አጠቆረ።

ሦስተኛው ሙከራ የባሰው ነበር። አንዲት የምታውቃት ልጅ በስልክ «በጎን በኩል ሌላ በር አለ፣ በዚያ ግቢ» አለቻት። ሄደች። ያም በር ጥበቃ አለው። ሁለቱ ጥበቃዎች በሬዲዮ ይነጋገራሉ። አሁን በልብሷ ብቻ የተያዘችው ልጅ ሾልካ ልትገባ የሞከረች ሆነች።

ወጥታ ከፓርኪንጉ ጥግ ጥላ ስር ቆመች። ሰዓቱ 4 ከ40 ሆኗል። ስልኬ ጮኸ።

በስልክ የተባባልነውና የተደረገው

«እትዬ፣ ይድረሱልኝ። መለሱኝ።»

«ወረቀት ጎደለ?»

«አልጎደለም። ልብስሽ አይሆንም አሉኝ። እንደ ባለጌ ነው ያየኝ። ሰው ሁሉ እያየኝ!»

ድምፅዋ ይቆራረጣል። አይዞሽ አልኳት። ከዚያ ጠየቅኳት።

«ጉልበትሽ ይታያል?»

«ትንሽ።»

«ትከሻሽስ?»

ዝም አለች። እኔም ጥፋቴን እዚያች ዝምታ ውስጥ አየሁት። ሰነድ በሰነድ ቆጥሬ ያስያዝኳት እኔ ነኝ። ልብሱን አልቆጠርኩትም።

የመጀመሪያ ሐሳቧ ቤት ደርሶ መመለስ ነበር። ደይራ ሄዶ ለመመለስ በታክሲ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል፣ ያውም መንገዱ ካልተዘጋ። 6 ሰዓት ላይ በሩ ይዘጋል። አይሆንም አልኳት።

ሁለተኛው መፍትሔ መዋስ ነው። አንዳንድ ፍርድ ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች በር ላይ ለእንዲህ ያለ ጊዜ የሚያውሱት አባያ፣ ማለትም ከልብስ በላይ የሚደረብ ሰፊ ረጅም ቀሚስ፣ አላቸው። ስለዚህ ተመልሳ ጥበቃውን እንድትጠይቅ ነገርኳት። ልትመለስ አልፈለገችም። አፍራለች። የምትለውን ቃል በቃል አስጠናኋት። «ለው ሰመሕት» ብለሽ ጀምሪ፤ «እባክዎ» ማለት ነው። ይቅርታ ጠይቂ። ሦስት ነገር ብቻ ጠይቂው። የሚያውሱት አባያ አለ ወይ? ከሌለ ቅርብ የሚሸጥበት የት ነው? ተሸፍኜ ከ6 ሰዓት በፊት ብመለስ ቀጠሮዬ ይጸናል ወይ?

ስልኩን ሳትዘጋ ሄደች። እኔም እሰማ ነበር። «ለው ሰመሕት» ስትል የሰውየው ድምፅ ወዲያው ለዘበ። እሱም እንደ እኛው ስደተኛ ነው። አረብኛው ከእሷ አይሻልም ነበር፣ በኋላ በእንግሊዝኛ ነው የቀጠለው። የሚያውሱት አባያ እዚያ መሥሪያ ቤት የለም። ቀጠሮዋ ግን በሩ እስኪዘጋ ይቆያል አላት። መንገዱን ተሻግሮ፣ ከፋርማሲው ጀርባ፣ የሴት ልብስ የሚሸጥ ሱቅ እንዳለም በእጁ አሳያት። ከ20 ደቂቃ በፊት ያባረራት ያው ሰው ነው።

እዚያው ግቢ ውስጥ የሴቶች መስገጃ ክፍል ነበር። እንዲህ ባሉ ክፍሎች ለሶላት የሚለበስ ሰፊ ልብስ ተሰቅሎ ይገኛል። አንዲት ቆማ የነበረች ሴት «ከዚያ አንሺና ለብሰሽ ግቢ» ብላታለች። እኔ አይሆንም አልኩ። ያ ልብስ ለጸሎት የተቀመጠ ነው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ነጠላ ተወስዶ ለቢሮ ጉዳይ ቢለበስ ምን ይሰማናል? ሳትጠይቅ ብትወስደው ደግሞ ከልብስ ጥፋት ወደ ሌላ ጥፋት መሻገር ነው።

ሱቁን አገኘችው። ተራ ጥቁር አባያ ነበር፣ 65 ዲርሃም ከፈለች። ለቁመቷ ረዝሟት መሬት ይጠርጋል። ፊት ለፊቱን በእጇ ሰብሰብ አድርጋ መንገዱን ተሻገረች። 5 ሰዓት ከ20 ላይ ጥበቃው በሩን ከፈተላት። ሻርፑን ፀጉሯ ላይ ልታስር ስትል ቀድማ ጠየቀችኝ። አያስፈልግም አልኳት። ፀጉር መሸፈን መስጊድ ሲገባ የሚጠየቅ ነው፣ አቡ ዳቢ ያለውን ትልቁን የሼኽ ዛይድ መስጊድ ለመጎብኘትም እንዲሁ። ክርስቲያን ሴት ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ስትገባ ግን የሚፈለገው ትከሻና ጉልበት መሸፈኑ ነው።

ውስጥ

ቁጥሯ የተጠራው 5 ሰዓት ከ45 ነው። እዚያም ሌላ ፈተና ጠበቃት። 4 ዓመት በክሎሮክስ ወለል ያጠበ ጣት አሻራው ይሟሽሻል። ማሽኑ የቀኝ አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን አላነብ አለ። ሠራተኛዋ በእርጥብ ሶፍት እያበሰች፣ ጣቷን በጣቷ እየተጫነች፣ አምስት ስድስት ጊዜ ሞከረች። በመጨረሻ ተነበበ። የጽዳት ሥራ የምትሠሩ ከቀጠሮው በፊት ለጥቂት ቀናት ጓንት አድርጋችሁ ሥሩ፣ ማታ ማታም እጃችሁን ቅባት ቀቡት። ቆዳው ትንሽ ሲያገግም ልዩነት አለው።

ፎቶውን ተነሳች። በሩ ሲዘጋ ውጭ ነበረች። ቅዳሜ የቀረውን ማመልከቻ አስገባሁላት። ቅጣት አልከፈለችም።

የሠራውና ያልሠራው

ሻርፑ አልሠራም። ስስ ነገር በላዩ ላይ ጣል ማድረግ ለብዙዎቻችን የመጀመሪያው ሐሳብ ነው፣ ግን ገላ የሚያሳይ ጨርቅ ራሱ ማስታወቂያው ላይ ተከልክሏል። ክርክር አልሠራም። የጎን በር ነገሩን አባሰው፤ ጥበቃው በሆደ ሰፊነት ባያልፈው ኖሮ የዚያን ቀን ጉዳይ እዚያው ያበቃ ነበር።

የሠራው ረጋ ብሎ መጠየቅ ነው። ያ ጥበቃ ደንቡን የመለወጥ ሥልጣን የለውም። «አስገባኝ» ሲሉት የሚሰጠው መልስ አንድ ብቻ ነው። «እንዴት ልግባ?» ሲሉት ግን የሚያውቀው ብዙ ነገር አለ። ሱቁን ያውቃል። ሰዓቱን ያውቃል። ሰውን ከሥልጣኑ ውጭ ያለ ነገር ከመጠየቅ እጁ ላይ ያለውን መጠየቅ ይሻላል።

ያልተሳካልኝም ነገር አለ። ለመሥሪያ ቤቱ አስተያየት ጻፍኩ። የቀጠሮው መልእክት ላይ ስለ አለባበስ አንድ መስመር ይጨመር፣ በር ላይም የሚዋሱት ሁለት ሦስት አባያ ይቀመጥ ብዬ። «አስተያየትዎ ደርሶናል» የሚል መልስ መጣ። መልእክቱ እስካሁን ያው ነው። ደንቡ ትክክል ነው ብንል እንኳ ሰው በር ላይ ደርሶ፣ ሥራ አስፈቅዶ፣ የታክሲ ከፍሎ ሲያበቃ የሚያውቀው ደንብ የሚጎዳው ድሃውን ነው። መኪና ያለው ቤቱ ሄዶ ቀይሮ ይመጣል። ይህን አሁንም አምናለሁ፣ አሁንም እጽፋለሁ።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ግን የልቧ ነገር ነበር። ጉዳዩ ካለቀም በኋላ «እንደ ባለጌ አየኝ» ማለቷን አልተወችም። ለሳምንት ያህል ያንን ቀሚስ ልትጥለው ትፈልግ ነበር። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ነጠላዋን አየሁና ጠየቅኳት። «ዛሬ እንዴት ነው ያጣፋሽው?» አሳየችኝ። «ለቅሶ ቤት ብትሄጂስ?» ጥለቱን ወደ ላይ አዙራ አሳየችኝ። «ይህን የማያውቅ ፈረንጅ ለቅሶ ቤት ጥለቱን ወደ ታች አድርጎ ቢመጣ ባለጌ ነው?» አልኳት። «አይ፣ አላወቀም» አለች። ትንሽ ዝም አለችና «ግን ሰው ይነግረዋል» አለች። እውነቷን ነው። ቀድሞ የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል።

ለሌላ ሰው የሚተርፈው

ከዚያ ቀን ወዲህ ቀጠሮ ሳስይዝ ልብሱን ከሰነዱ ጋር እቆጥራለሁ። ፓስፖርት፣ ኮፒ፣ ፎቶ፣ ልብስ። ለሴት የምለው፣ ትከሻና ክንድ የሚሸፍን፣ ከጉልበት የሚወርድ፣ ሰፋ ያለ፣ ብርሃን የማያሳልፍ ልብስ ነው። ታይት ብቻውን ሱሪ ሆኖ አይቆጠርም፣ በላዩ ረጅም ሸሚዝ ይፈልጋል። አባያ ግዴታ አይደለም፤ ያላት ረጅም ቀሚስ ይበቃል። የአገር ልብሳችንም ረጅም እጅጌ ካለው ያለ ችግር ያስገባል።

ወንዶች ይህ የሴት ጉዳይ ይመስላችኋል። አይደለም። በቁምጣ የመጣ ወንድም በር ላይ ሲመለስ አይቻለሁ። የሠራተኞች ካምፕ ውስጥ የሚኖሩ ልጆች በዕረፍት ቀናቸው በቁምጣ፣ በካናቴራና በነጠላ ጫማ ብድግ ብለው ይመጣሉ። «አረቦቹም ነጠላ ጫማ አድርገዋል» ይላሉ። እነሱ ያደረጉት ከረጅም ነጭ ካንዱራቸው ጋር የሚሄድ የቆዳ ጫማ ነው፣ የክት ልብሳቸው ነው። የሻወር ጫማ ከዚያ ጋር አይገናኝም።

ሳዑዲ ያላችሁ ደግሞ ነገሩ ከመመለስም ያልፋል። እዚያ የአደባባይ ሥነ ሥርዓት ደንብ በ2019 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። በ2022 ደግሞ በቁምጣ መስጊድ ወይም መንግሥት መሥሪያ ቤት መግባት ከጥፋቶቹ ተጨመረ፤ ቅጣቱ ከ250 እስከ 500 ሪያል ነው። ሴቶች ላይ ብዙ ነገር ላልቷል ሲባል ሰምቶ ወንዱ በቁምጣ ጃዋዛት፣ ማለትም የፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ቢሮ፣ እንዳይሄድ።

ነገሩ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ብቻም አይደለም። አሜሪካ ያላችሁ ዘመዶቻችን የዜግነት መሐላ ሲጠሩ ወረቀቱ ላይ ጂንስ፣ ቁምጣና ነጠላ ጫማ አታድርጉ ይላል። እስራኤል ውስጥ ክኔሴት፣ ማለትም ፓርላማቸው፣ ለመግባት ቁምጣና እጅጌ የሌለው ካናቴራ አይፈቀድም። ማሌዢያ በ2015 እ.ኤ.አ. አንዲት ሴት ከጉልበት ከፍ ያለ ቀሚስ ለብሳ የመንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ስትሄድ ሳሮንግ፣ ማለትም የሚታጠቅ ሽርጥ፣ ተሰጥቷት ነው የገባችው። እሷ ፎቶውን ለሕዝብ አሳየችው፣ ብዙ ክርክር ተነሣ፣ ቢሮው ይቅርታ ጠየቀ። እንግዲህ የገዛ አገሯ ዜጋ ናት። የእኛዋ ልጅ ብቻዋን አይደለችም ለማለት ነው።

ይህን ሳወራት አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «ታዲያ ደንቡ ከቢሮ ቢሮ ከተለያየ እንዴት ነው የማውቀው?» አለች። ያገኘሁት መንገድ ቀላል ነው። አንደኛ፣ በስልክ ሲያስይዙ ወይም ቀድሞ የሄደን ሰው ሲጠይቁ «ምን ይዤ ልምጣ?» ብቻ አይበሉ፤ «ምን ለብሼ ልምጣ?» ብለው ይጨምሩ። ሁለተኛ፣ ማወቅ ካልተቻለ ጥብቅ ለሆነው መዘጋጀት ነው። አብዝቶ ተሸፍኖ የመጣን ሰው የመለሰ ቢሮ አላየሁም። አንድ ልዩነት ብቻ አለ፣ ፊት። ፎቶና አሻራ ባለበት ቦታ ፊት መታየት አለበት።

ሦስተኛው የእሷ ሐሳብ ነው፣ የእኔ አይደለም። በቦርሳ ውስጥ የምትጠቀለል ቀላል ነገር መያዝ። ከሥራ በቀጥታ ለሚሄድ ሰው ይህ ነው የሚያዋጣው።

መታወቂያዋ ከ10 ቀን በኋላ ወጣ። ፎቶው ላይ ፀጉሯ በደንብ ይታያል፣ ሹሩባው ሳይፈታ። ከአንገቷ በታች ግን ጥቁር ነው። ለሁለት ዓመት የምትይዘው ካርድ ስለሆነ ትንሽ ቅር አላት። የወይን ጠጁን ቀሚስ አልጣለችውም፣ ባለፈው ሰርግ ላይ ለብሳው አየኋት።

አባያውን ልብስ ሰፊ ጋ ወስዳ አሳጠረችው። አሁን ቤድ ስፔሳቸው ውስጥ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ስድስት ልጆች ናቸው። ጉዳይ ያላት ትለብሰዋለች፣ ማታ አጥባ ትመልሳለች። ባለፈው ማክሰኞ ስሄድ ሚስማሩ ባዶ ነበር። አንዷ መንጃ ፈቃድ ልታወጣ ሄዳ ነበር።